ከለቡ ጣቢያ ቤተሰብ ይዞ በባቡር መውጣት፦ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል?

የጀሞው አባት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ጀሞ ቁጥር 2 ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ ለቡ ያለው የባቡር ጣቢያ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። እንዲህ ቅርብ ሆኖ ሳለ ግን ከቤተሰባችን አንድም ሰው በባቡር ተሳፍሮ አያውቅም። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትልቋ 11፣ መካከለኛው 8፣ ትንሹ ደግሞ 4 ዓመታቸው ነው። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ መውጣት ይከብዳቸዋል።

ጥያቄውን እንዳነሣ ያደረገኝ መካከለኛው ልጄ ነው። መኪና አይስማማውም። ቃሊቲ ሳንደርስ ፊቱ ይገረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ በፌስታልና በሎሚ ነው የሚያልፈው። አምና ቢሾፍቱ ወስደናቸው፣ ሐይቁ ዳር ስንደርስ እሱ መኪናው ውስጥ ተጋድሞ ቀረ፤ እኅቱ ውኃው ላይ ጠጠር ስትወረውር በመስኮት ሲያያት አየሁት፤ ያ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ባቡር እንደ መኪና እንደማያንገላታ የነገሩኝ ሰዎች ስላሉ፣ አንድ ጊዜ ልሞክርለት ወስኛለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከለቡ ተሳፍረን፣ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ውለን፣ ማታ ቤታችን መግባት እንችላለን? ቤተሰቡን ይዞ የሄደ ሰው ካለ በዝርዝር ቢነግረኝ ትልቅ ውለታ ነው።

---

ሐዲድ ተከታይ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡05

እንኳን ጠየቁ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያጣራ ሻንጣውን ይዞ ጣቢያ ድረስ ይሄድና አዝኖ ይመለሳል።

በቅድሚያ የባቡሩን አሠራር መረዳት ያስፈልጋል። መስመሩ ከሰበታ ተነሥቶ በለቡ፣ በእንዶዴ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆና በአዳማ አድርጎ ወደ ድሬዳዋ፣ ከዚያም ጅቡቲ ድረስ የሚዘልቅ፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መስመር ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ደግሞ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። ጠዋት ሰው አድርሶ ማታ እንዲመልስ ታስቦ የተሠራ የከተማ ዳርቻ ባቡር አይደለም፤ ዋና ሥራው ጭነት ከወደብ ማመላለስ ሲሆን፣ የመንገደኛው ባቡር በዚያ መካከል የሚሄድ ረጅም ተጓዥ ነው። እኔ በተጓዝኩባቸው ጊዜያት ሁሉ ባቡሩ አንድ ቀን ጠዋት ከለቡ ወደ ድሬዳዋ ይወርድና፣ በማግሥቱ ጠዋት ከድሬዳዋ ተነሥቶ ይመለስ ነበር። ስለዚህ በዚያው ቀን በባቡር ሄዶ በባቡር መመለስ አይቻልም።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ፤ ሁለቱንም ቀን ከመቁረጥዎ በፊት ያስቡባቸው።

አንደኛው የቅዳሜ ጉዳይ ነው። ሳምንት ሰባት ቀን በመሆኑ፣ አንድ ቀን እየዘለለ የሚወርድ ባቡር በዚህ ቅዳሜ ከወረደ የሚቀጥለው ቅዳሜ የመመለሻው ቀን ይሆናል። ስለዚህ ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚመቸው፣ ቅዳሜ ወርዶ እሁድ የሚመለሰው ጉዞ፣ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ቅርብ በወረዱ መጠን ቦታው ላይ የሚቆዩበት ሰዓት ይረዝማል። ድሬዳዋ ድረስ የሚሄድ ሰው ሰባት ሰዓት ገደማ ተጉዞ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል፤ በማግሥቱ የሚመለስ ከሆነ ገና በጠዋት ጣቢያ መገኘት አለበት። በእጁ የሚቀረው አንድ ምሽት ብቻ ነው። አዳማ የሚወርድ ግን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ይደርሳል፤ የእሁዱ ባቡር ከድሬዳዋ እስኪመጣ ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን፣ አንድ ቀን ከግማሽ ያህል አለው። ትንንሽ ልጆች ላለው ቤተሰብ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

መታወቂያ ለሁሉም አዋቂ ይያዙ፤ ለልጆቹም የልደት ምስክር ወረቀት ቢይዙ አይጎዳም። ዕቃ ስለሚፈተሽ በጊዜ ጣቢያ መድረስ ያስፈልጋል። ባቡሩ የሚወርድበትን ቀንና የሚቆምባቸውን ጣቢያዎች ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ጣቢያው ድረስ ሄደው ይጠይቁ፤ ከጀሞ ለእርስዎ የአንድ ከሰዓት መንገድ ነው።

---

የሁለት ልጆች እናት ከገላን
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ወንድሜ፣ እኛ ሄደናል፤ የሆነውን ሁሉ እንዳለ ልንገርዎት።

እንዶዴ ጣቢያ ለቤታችን ቅርብ ቢሆንም የተሳፈርነው ከለቡ ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ ወጣን፤ ልጆቹ ሌሊቱን ሙሉ «ነጋ ወይ?» እያሉ አላስተኙንም። ባቡሩ ሲነሣ ድምፅ የለውም። ሴት ልጄ የቆምን መስሏት «መቼ ነው የሚሄደው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በመስኮቱ የመብራት ምሰሶዎቹ ወደ ኋላ ሲሸሹ ባየች ጊዜ እጄን አጥብቃ ያዘችኝ። መኪና ውስጥ አስታጥቀን የምናስቀምጣት ልጅ፣ ያን ቀን በፉርጎው መተላለፊያ ላይ እጄን ይዛ እየተመላለሰች ከማያውቋት ሰዎች ጋር ስትጫወት ዋለች። ለእኔ የባቡሩ ትልቅ ጥቅም ይህ ነው፤ ልጅ ተነሥቶ ይንቀሳቀሳል፣ አያት እግራቸውን ይዘረጋሉ፣ አባትም መሪ ስላልያዘ ከልጆቹ ጋር ያወራል።

ከእንዶዴ ወዲያ የአድአ ማሳ ይጀምራል። እኛ የሄድነው በኅዳር ነበር፤ የማኛው ጤፍ ነጥቶ በነፋስ ይተኛና ይነሣል፣ በጥቁሩ አፈር ላይ ደግሞ የሽምብራው እሸት ገና አረንጓዴ ነው። ልጆቼ እንጀራ ከመደብር የሚመጣ የሚመስላቸው የኮንዶሚኒየም ልጆች ናቸው፤ ባለቤቴ ጤፉን እያሳየ ሲያስረዳቸው አንዲት ሌላ መንገደኛ ሳትቀር ቀርባ ታዳምጠው ነበር። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ካለው ጊዜ የተሻለ ወቅት አላውቅም።

ያልተዘጋጀንበት ነገር አዳማ ስንደርስ ገጠመን። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ባጃጆቹ ይከበባሉ፣ ዋጋውም እንደ ፊትዎ ነው የሚነገረው። ለአራት ሰው አንድ ባጃጅ ይዘን ሻንጣው በጉልበታችን ላይ ሆኖ ከተማ ስንገባ፣ ልጆቹ የባቡሩን ደስታ ግማሹን አቧራው ላይ ጥለውት ነበር። ስለዚህ አዳማ የሚያውቁት ሰው ካለ፣ ወይም የያዙት ማረፊያ ተሽከርካሪ የሚልክ ከሆነ፣ ከመነሣትዎ በፊት ይነጋገሩ። አማትዎን ይዘው ባጃጅ ሲሻሙ አይታየኝም።

ምግብ ከቤት ይያዙ። ድርቆሽ፣ ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሻይ በፔርሙዝ በቂ ነው። ለሚያስመልሰው ልጅዎ፣ ባቡሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ የሚያሳይ መቀመጫ ይፈልጉለት።

---

ከቱሉ ዲምቱ
ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡15

ሐሳባችሁን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሒሳቡ አልገባኝም። የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ጀምሮ ከእኛ ሰፈር ተነሥቶ አዳማ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ነው የሚፈጀው። ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት ወጥቼ፣ ሶደሬ ፍል ውኃ ልጆቼን አስዋኝቼ፣ ምሳ አብልቼ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ የገባሁበት ጊዜ ብዙ ነው። የባቡር ቀን እየቆጠሩ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ለዚያውም ለአዳር ሆቴል ከፍሎ፣ ከከተማ ውጪ ወርዶ ባጃጅ ከመጋፋት መኪና ተከራይቶ መሄድ ለቤተሰብ አይቀልም?

ባቡር አልጠላም። ቤተሰብ ግን ጉልበትና ገንዘብ ቆጥቦ ነው የሚኖረው፤ ለዚህ ነው የምጠይቀው።

---

ሐዲድ ተከታይ
ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡30

ከቱሉ ዲምቱ የጻፉት ወንድም ጥያቄ ተገቢ ነው። ግቡ ሶደሬ መድረስ ብቻ ከሆነ መኪናው ያሸንፋል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። የጀሞው ወንድማችን የጠየቁት ግን መኪና ለማይስማማው ልጅ ነው፤ ለእሱ አንድ ሰዓትም ቢሆን ረጅም ነው።

ደግሞም ያነሡት ነገር አንድ መላ አሳሰበኝ፤ ሁለቱን ማጣመር ይቻላል። ባቡሩ በሚወርድበት ቅዳሜ ጠዋት በባቡር ይሂዱና ማታ በፍጥነት መንገዱ በመኪና ይመለሱ። ባቡሩ በሚመለስበት ቅዳሜ ደግሞ ጠዋት በመኪና ወርደው፣ ከሰዓት በኋላ አዳማ ላይ ከድሬዳዋ የሚመጣውን ባቡር ተሳፍረው ለቡ ይግቡ። በዚህ አካሄድ አዳር ሳያስፈልግ፣ የትኛውም ቅዳሜ ይሆናል፤ መቁረጥ ያለብዎት የአንድ መንገድ ትኬት ብቻ ነው። የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ የሚያስመልሰው ልጅ ጠዋት በጤና ይደርሳል፣ ማታ ደግሞ ደክሞት እንቅልፍ ስለሚወስደው መኪናው እምብዛም አያውከውም። ሁለተኛው አካሄድ አንድ ሥጋት አለበት፤ ከሩቅ የሚመጣ ባቡር በመንገድ ላይ የቀንድ ከብት ወይም ግመል ሐዲዱ ላይ ገብቶ ሊዘገይ ይችላል፤ ልጆች ይዞ ምሽት ላይ ጣቢያ መጠበቅ አድካሚ ነው።

---

የአያት ነዋሪ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡00

አራት ዓመት ላለው ልጅ መጀመሪያ የከተማውን ቀላል ባቡር ቢያሳዩትስ? በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ይሄዳል። እኛ እሁድ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወስደን እንመልሳቸዋለን። ጉዞ አይባልም፤ ልጁ ድምፁን፣ የበሩን መከፈትና የመድረኩን ጠርዝ ይለምድበታል። በሥራ ቀን ግን አይሞክሩት፣ ግፊያው ከባድ ነው።

---

የአቃቂው ጡረተኛ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን ልጄ አንብባልኝ ደስ አለኝ፤ የምላችሁንም እሷው ትጽፍልኛለች።

እኔ የተወለድኩት አቃቂ፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው፤ አባቴም የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ገላን ያለችው እናት ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሏል ብላ ያዘነችበትን ነገር ላብራራላት። የድሮው ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልተቻለው ሜዳ ላይ ቆመ፤ በቆመበትም ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ተቆረቆረች። ናዝሬትም፣ ሞጆም፣ አዋሽ ሰባትም እንደዚሁ በባቡሩ ዙሪያ ያደጉ ናቸው። ከተማው ነው ወደ ጣቢያው የመጣው። ስለዚህ በእኛ ዘመን መንገደኛ ከባቡር ሲወርድ ገበያ መካከል ነበር የሚወርደው፤ ለገሃርም ቢሆን «ጣቢያ» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ሆኖ ሳለ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራበት ስም ሆኖ የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ስለነበረ በጠባብ ቦታ ይጠማዘዛል፣ ኮረብታውን እየዞረ ይሄዳል። የአሁኑ ስፋቱ 1.435 ሜትር ሲሆን ለፍጥነት የተሠራ በመሆኑ ረጋ ያለ፣ ሰፊ ማጠፊያ ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ሐዲድ ባደገ ከተማ መካከል ማሳለፍ ስንት ቤት ማፍረስ ነው! ስለዚህ ውጪ ውጪውን አለፈ። ጣቢያው ውጪ የቀረው ሰው ስለተረሳ አይደለም፤ ነገር ግን ከጣቢያው እስከ ከተማው ያለውን መንገድ የሚያስብለት ሰው ያስፈልጋል፤ በዚህ ልጄ ትክክል ናት።

ሊቶሪና በምንለው የድሮው የመንገደኛ ባቡር ወደ ድሬ ስንወርድ ባቡሩ በቆመበት ሁሉ ሴቶቹ ወደ መስኮት ያቀብሉን ነበር፤ ሞጆ ላይ ቆሎ፣ መተሐራ ላይ ሸንኮራ፣ ወደ ድሬ ስንቃረብ ሎሚና ብርቱካን። ሳንቲሙን በመስኮት ጥለን ባቡሩ ሲነሣ መልሱን እየሮጡ ያመጡልናል፤ የሰው መልስ ይዛ የቀረች አንዲት ሴት አላስታውስም። አሁን መስኮቱ አይከፈትም ይሉኛል። እንግዲህ ለልጆቻችሁ ሸንኮራውን ከቤት ይዛችሁላቸው ሂዱ፣ የት እንደሚበቅልም መተሐራ ሲደርሱ አሳዩአቸው።

ጀሞ ያለው ልጄ፣ አማትህን በቀኝ መስኮት አስቀምጣቸው። ከለቡ ወጥታችሁ ወደ ቢሾፍቱ ስትሄዱ በግራ የየረር ተራራ፣ በቀኝ ደግሞ የዝቋላ ተራራ ይታያል። ጉም ከሌለ ዝቋላ ከሩቅ ነው የሚለየው። እግዚአብሔር መንገዳችሁን ያቅና።

---

የድሬ ልጅ፣ ሰበታ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡45

አባታችን ስለ ድሬ ያነሡት ነገር ናፍቆቴን ቀሰቀሰው። ሰበታ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በየዓመቱ ልጆቼን ይዤ እወርዳለሁ።

ሐዲድ ተከታይ በማግሥቱ መመለስ አንድ ምሽት ብቻ ያስቀራል ያሉት እውነት ነው። ባቡሩ አንድ ቀን እየዘለለ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የድሬ ጉዞ ወይ አንድ ሌሊት ነው፣ ወይ ሦስት ሌሊት ነው፤ ሁለት ሌሊት የሚባል የለም። ልጆች ላለው ሰው ምርጫው ሦስት ሌሊት ነው፤ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሳምንት አድርጉት። በመጀመሪያው ቀን ማምሻውን ከዚራ ሄዳችሁ በዛፎቹ ሥር ተራመዱ፤ ሰፈሩ በባቡሩ ዘመን የተቀየሰ ስለሆነ መንገዱ ቀጥ ያለና ጥላ የሞላበት ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቀፊራ ገበያ፣ ቀትር ላይ እንቅልፍ፤ በድሬ ቀትር ላይ ልጅ ይዞ መንገድ ላይ የሚገኝ እንግዳ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ወደ ሐረር ውጡ፤ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የጀጎልን ግንብ ልጆቹ በእግራቸው ይዙሩት።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ከአዋሽ ወዲያ ያለው ቆላ የወባ አገር ነው፤ ድሬ ላይ ደግሞ የደንጊ ትኩሳትን የሚያስተላልፈው ትንኝ በቀን ነው የሚናከሰው። የልጆቹን እጅና እግር የሚሸፍን ስስ ልብስ፣ ለሌሊት ደግሞ አጎበር ያለው ማረፊያ ፈልጉ። ሁለተኛው፣ በክረምት የምትሄዱ ከሆነ ልጆቹን በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አታጫውቷቸው። ድሬ ላይ ፀሐይ ሆኖ ከላይ ተራራው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ ሳይታሰብ ይደርሳል፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣውን ጎርፍ የምናስታውስ ሰዎች ይህን በቀላሉ አንናገረውም።

ከቢሾፍቱ እስከ ድሬ ያለውን የአየር ለውጥም አስቡት። ለቡ ላይ ጋቢ ለብሳችሁ ትሳፈራላችሁ፤ መተሐራ ስትደርሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፣ ጋቢው ትራስ ይሆናል።

---

የጀሞው አባት
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡30

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጽሑፋችሁን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ አማቴ ግን «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ብለው እምቢ ብለዋል። ደረጃውን ፈርተው ነው።

ነገ ከሥራ ስወጣ ጣቢያ ሄጄ የሚወርድበትን ቀን እጠይቃለሁ። ምርጫችን አዳማ፣ አንድ ሌሊት ነው። ሄደን ስንመለስ የሆነውን እጽፋለሁ።

---

የጀሞው አባት
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ቃል በገባሁት መሠረት ያየነውን ልጻፍ።

ቅዳሜ ጠዋት ስድስታችንም ሄድን፤ አማቴም ጭምር። ያሸነፍናቸው ዓርብ ማታ ነው፤ ትልቋ ልጄ የአቃቂውን አባት ጽሑፍ አንብባላቸው «እማማ፣ ለአንቺ ቦታ ተመርጦልሻል» ስትላቸው ዝም አሉ፤ በማለዳ ስነሣ ነጠላቸውን ለብሰው፣ የቆሎ ከረጢት ይዘው ሶፋ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጣቢያው ላይ ደረጃውን ቀስ ብለን፣ በየመካከሉ እያረፍን ወጣን፤ ይህን በማሰብ ከሰዓታችን አንድ ሰዓት ቀድመን መድረሳችን ጠቅሞናል። ጉልበት የሚያመው ሰው ያላችሁ ሁሉ ይህን ጊዜ አትቀንሱ።

መካከለኛው ልጄ አንድም ጊዜ አላስመለሰውም። ፌስታሉን በእጁ ይዞ ተቀመጠ፤ እንዶዴን ስናልፍ ለእናቱ መለሰላትና ወደ መስኮቱ ሄደ። ግንባሩን መስታወቱ ላይ ደግፎ፣ ትንፋሹ የሚሠራውን ጉም በእጅጌው እየጠረገ፣ ማሳ ላይ የቆሙ በሬዎችን ይቆጥር ነበር። ትንሹ ግን ከቢሾፍቱ በፊት አንቀላፍቶ አዳማ ላይ ነው የነቃው፤ «ባቡሩ የታለ?» ብሎ አለቀሰ።

አማቴን በቀኝ መስኮት ነበር ያስቀመጥናቸው። ዝቋላ ሲታይ እኔ አላወቅኩትም፤ እሳቸው ናቸው የለዩት። ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ የወንበሩን ጀርባ ተደግፈው አማተቡ። ከዚያ ቀን በፊት ለእኛ ነግረውን የማያውቁትን ነገር ነገሩን፤ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ለመጋቢት 5 የአቦ ንግሥ ከመንደራቸው ተነሥተው በእግር ሁለት ቀን ተጉዘው ወጥተው ነበር፤ በመንገድ ላይ ጫማ ስላልነበራቸው አባታቸው መጨረሻውን ዳገት በትከሻቸው ተሸክመው አወጧቸው። ትልቋ ልጄ ይህን ስትሰማ ከፊት ለፊታቸው ካለው ወንበር ተነሥታ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ አዳማ እስክንደርስ ጥያቄ አላቋረጠችም።

ሁሉም መልካም አልነበረም። በስልክ የያዝነው ማረፊያ ስንደርስ ክፍላችንን ለሌላ ሰው ሰጥቶት አገኘነው፤ ሌላ ቦታ እስክናገኝ ሁለት ሰዓት አለፈ። እናት ከገላን የመከሩንን ይዘን፣ አዳማ የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ ወንድም በመኪናው ጣቢያ ባይቀበለን ኖሮ ያንን ሁሉ በባጃጅ ነበር የምንዞረው። ስለዚህ ማረፊያ ስትይዙ፣ የሚቻል ከሆነ ቀድማችሁ ክፈሉና ደረሰኙን ያዙ። ሶደሬ እሁድ ጠዋት ነበር የሄድነው፤ ከመነሣታችን በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰዎች ጠይቀናል፤ እናንተም ጠይቁ። ልጆቹ ፍል ውኃው ውስጥ ገብተው መውጣት አልፈለጉም፤ ሶደሬ ጠዋት ከሆነ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድማችሁ ቁረጡ፣ እኛ ጣቢያ የደረስነው እየሮጥን ነው።

ከቱሉ ዲምቱ ለጻፉት ወንድሜ፦ በገንዘብ ረገድ ትክክል ነበሩ፤ ከመኪናው ይልቅ ብዙ ወጥቶብናል፣ ዋናው ወጪ አዳሩ ነው። በሚቀጥለው በባቡር ወርደን በመኪና እንመለሳለን።

አሁን ደግሞ አዲስ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። አማቴ ከተመለስን ጀምሮ ስለ ዝቋላ ብቻ ነው የሚያወሩት። መኪና ተራራው ላይ ድረስ ይወጣል? ጉልበት ለሚያመው ሰው ይሆናል?

---

የሁለት ልጆች እናት ከገላን
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ወንድሜ፣ አንብቤ አለቀስኩ። እኛ አምና ከቢሾፍቱ በኩል ሄደናል፤ ከአስፋልቱ ከወጡ በኋላ ያለው መንገድ ኮረኮንች ነው፣ ከፍ ያለ መኪና ይፈልጋል፤ ተራራው 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፣ ብርዱም የዚያኑ ያህል ነው። በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 የሕዝቡ ብዛት ለአረጋዊ አይሆንም፤ ከንግሡ በፊት ባለው ሳምንት፣ በሥራ ቀን ይውሰዷቸው። የሚያስመልሰው ልጅ ግን ለዚያ ዳገት ይቸገራል፤ እሱን ከእኛ ጋር ቢሾፍቱ ሆራ ዳር ይተዉልን፣ ልጆቼ ጠጠር መወርወር ያስተምሩታል።

---

የጀሞው አባት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ተስማምተናል እኅቴ። ነገ ጠዋት ለአማቴ እነግራቸዋለሁ፤ ዛሬ ከነገርኳቸው አይተኙም።